ቴካዲና የፔሪያር ሐይቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለንግድ ህንድ የሚሄዱ ወገኖች ስለ ቴካዲ ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ እነሆ፤ ወራቱ የኛ ናቸው፣ ዓመቶቹ ግን እንደ ፈረንጆቹ።

ቴካዲ፣ ኩሚሊ፣ ፔሪያር፣ ሙላፔሪያር... ይሄ ሁሉ ስንት ቦታ ነው?

አንድ አካባቢ ነው፤ የበዛው ስሙ ነው። ኩሚሊ ከተማዋ ናት። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ የቅመም ሱቁና አውቶቡስ መናኸሪያው እዚያ ነው። ቴካዲ ከኩሚሊ አጠገብ ያለው የጫካው መግቢያና የጀልባው መነሻ ነው። ፔሪያር የወንዙ ስም ነው፤ ሐይቁም፣ በዙሪያው ያለው ጥብቅ ደንም በሱ ይጠራሉ። ሙላፔሪያር ደግሞ ወንዙን ገድቦ ሐይቁን የፈጠረው ግድብ ነው።

ቦታው በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ ኢዱኪ በሚባለው ተራራማ አውራጃ ውስጥ ይገኛል። ኩሚሊ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከመናኸሪያው ትንሽ ራመድ ካሉ ጎረቤቱ ክፍለ ግዛት ታሚል ናዱ ገቡ ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በባሕር ጠረፍ ያለችው የኮቺ ከተማ ወበቅ እዚህ የለም። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ብርድ የሚባል ነገር አይደለም፤ ለማታ አንድ ሹራብ ይበቃል።

ሐይቁ የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?

ሰው ሠራሽ ነው፤ ግን ዕድሜው ስለገፋ አይመስልም። ግድቡ መሠራት የጀመረው በ1887 ነው፤ ያለቀው በ1895። የመራው ጆን ፔኒኩይክ የሚባል የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ነበር። ችግሩ እንዲህ ነው። የተራራው ምዕራባዊ ጎን ዝናብ ይጠግባል፤ ፔሪያርም ያን ሁሉ ውኃ ይዞ ወደ ዐረቢያ ባሕር ይወርዳል። ተራራው ደመናውን ስለሚያስቀር በምሥራቅ በኩል ያለው የታሚሎች አገር ደግሞ ይደርቃል። የእንግሊዞቹ መላ ወንዙን ገድቦ፣ ተራራውን በስቶ፣ ውኃውን ወደ ደረቁ ጎን መላክ ነበር። አደረጉትም። ዛሬም ውኃው በዋሻ አልፎ ወደ ቫይጋይ ወንዝ ተፋሰስ ይወርዳል፤ ቴኒን፣ ማዱራይንና ከዚያም ወዲያ ያሉ አውራጃዎችን ያጠጣል።

ግንባታው ቀላል አልነበረም። ቦታው ዝሆን የሚመላለስበት ጫካ ነው፤ ወባው ሠራተኛ ጨርሷል፤ መጀመሪያ የተሠራውንም ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል። ግድቡ የቆመው በድንጋይ፣ በኖራና ሱርኪ በሚባል የተፈጨ የሸክላ ጡብ ዱቄት ነው። ከፍታው 53 ሜትር፣ ርዝመቱ 365 ሜትር ገደማ ነው። በታሚል ናዱ በኩል ያሉ ገበሬዎች ፔኒኩይክን እንደ ቅዱስ ነው የሚያዩት። ፎቶው በየሻይ ቤቱ ተሰቅሏል፤ የልደቱን ቀን ጥር 7 ከመከር በዓላቸው ከፖንጋል ጋር አብረው ያከብራሉ። ለቅኝ ገዢ መኮንን እንዲህ ያለ ፍቅር ህንድ ውስጥ ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

በፎቶ የሚያዩዋቸው ከውኃው መሃል የቆሙ ጥቁር የዛፍ ግንዶች በዚያን ጊዜ የሰመጠው ጫካ ቅሪት ናቸው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ውኃ ውስጥ ቆመው አልወደቁም። ዓሣ የሚያድኑ ወፎች ጎጇቸውን ይሠሩባቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተውም ፀሐይ ይሞቁባቸዋል። ጀልባ ነጂዎቹ መንገዱን በቃላቸው ስለሚያውቁት በመካከላቸው ይሹለከለካሉ።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለሁሉም ይስማማል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አረንጓዴው አልደረቀም፣ የእግር መንገዱም አያዳልጥም። አውሬ ለማየት ከሆነ ዋና ዓላማዎ መጋቢትና ሚያዝያ ይበልጣሉ፤ ጫካው ውስጥ ያለው ውኃ ሲደርቅ እንስሳቱ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ችግሩ ሙቀቱ ነው። የሰደድ እሳት ሥጋት ሲኖርም የእግር ጉዞው ሊዘጋ ይችላል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው፣ ልክ እንደኛው። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ሁለተኛ ዝናብ አላቸው፤ ይሄኛው ከምሥራቅ የሚመጣ ነው። በዝናብ ጊዜ ጉም ተራራው ላይ ሲተኛ ቦታው ሲያዩት ያምራል፤ አውሬ ግን ለማየት እምብዛም አይመችም፣ አልቅቱም ይበዛል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሂንዱዎች ወደ ሳባሪማላ ቤተ መቅደስ ይጓዛሉ። ቤተ መቅደሱ ያለው እዚሁ ጥብቅ ደን ውስጥ፣ በሌላኛው ጎን ነው። ከታሚል ናዱ የሚመጣው ተጓዥ ብዙው በኩሚሊ ያልፋል። መንገዱ ጥቁር ልብስ በለበሱ ምዕመናን ይሞላል፤ አልጋ ይጠፋል፤ የመኪና ኪራይም ይወደዳል። የኛን ገና እዚያ ለማሳለፍ ካሰቡ አልጋዎን ቀደም ብለው ይያዙ።

እንዴት ነው የምደርሰው?

ኩሚሊ ባቡርም አውሮፕላንም የላትም። ሁለት ምቹ በሮች አሉ፤ ኮቺና ማዱራይ። ሁለቱም ወደ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ግን ቁጥሩ አያታልልዎት። ከኮቺ የሚመጣው መንገድ ተራራ ለተራራ እየተጠማዘዘ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሰዓት ይወስዳል። ከማዱራይ የሚመጣው ብዙው ሜዳ ነው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ሽቅብ ይወጣል፤ ስለዚህ ይፈጥናል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ዴልሂ ወይም ሙምባይ ነው። ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ኮቺ መቀጠል ነው። ቤንጋሉሩ ለሚማሩ ደግሞ ማታ ተነሥቶ ጠዋት የሚያደርስ አውቶቡስ አለ። ተማሪ ከሆኑ እሱን እመክራለሁ፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ወጪም ይተርፋል።

ስንት ቀን ይበቃል?

ሁለት ሌሊት። አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ ለመኪና ወንበር ገንዘብ መክፈል ነው። መጀመሪያ ቀን ደክሞዎት ነው የሚደርሱት፤ ሁለተኛውን ቀን ሙሉውን ለጫካው ይስጡት፤ ሦስተኛው ጠዋት ለቅመምና ለመመለሻ ነው። ሦስተኛ ሌሊት የሚጨምሩት ኢዱኪ ግድብን ወይም የሙናርን የሻይ ተራሮች ማየት ከፈለጉ ነው።

የጀልባው ጉዞ እንዴት ነው? ትኬትስ?

ትልልቅ ባለ ሞተር ጀልባዎች በቀን አምስት ጊዜ ይወጣሉ፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ጥሩዎቹ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ናቸው። ትኬቱ ላይ የሚያዩት 7:30 በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30 ነው፤ 3:30 የሚለው ደግሞ ከቀኑ 9:30። በዚህ የሰዓት ነገር ጀልባ ያመለጣቸው ሐበሾች አይጠፉም። በእኩለ ቀን ያሉት ጉዞዎች ሽርሽር ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ዝሆንም ጥላ ውስጥ ነው።

ትኬት በኢንተርኔት አስቀድሞ መግዛት ይቻላል፤ በበዓልና በእሑድ ቀን ግዴታ ነው ብለው ይያዙት። የጫካው መግቢያ ለብቻው ይከፈላል፤ የውጭ አገር ሰው ከህንዳዊ በላይ ነው የሚከፍለው። የተማሪ መታወቂያ ብታሳዩም ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የግል መኪና ጀልባው ድረስ አያስገቡም፤ ከኩሚሊ በኩል በደን መሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ ነው የሚገባው። ፕላስቲክ ከረጢትና የሚጣል ጠርሙስ መያዝ ክልክል ነው።

የሕይወት ጃኬት ያለብሱዎታል፤ ሙቀቱ ቢያስመርርም እንዳያወልቁት። በ2009 መስከረም 20 ቀን አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ጀልባ እዚህ ሐይቅ ላይ ተገልብጦ 45 ሰው ሞቷል። ተሳፋሪው አውሬ ለማየት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን መሮጡ ጀልባውን እንዳዘነበለው ተነግሯል፤ ከመጠን በላይ መጫኑና የጀልባው አሠራርም ተወቅሷል። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል። «ዝሆን! ዝሆን!» ሲባል ግን ዛሬም የሚነሣ አይጠፋም። እርስዎ ወንበርዎ ላይ ይቆዩ፤ ጀልባው ራሱ ይዞራል።

ታይገር አያለሁ?

አያዩም ብለው ይሂዱ። ቦታው ከ1978 ጀምሮ የታይገር ጥብቅ ደን ነው፤ ስፋቱ 925 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቁ ከዚያ ውስጥ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ይይዛል። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ታይገሩ ደግሞ ሰው አይወድም። እዚያው ተወልደው ያደጉ መሪዎች እንኳ በብዛት የሚያገኙት ዱካውን ነው። ታይገር ለማየት ብቻ ህንድ የመጣ ሰው ወደ መካከለኛው ህንድ ጫካዎች ይሂድ።

እዚህ የሚያዩት ዝሆን ነው፤ ከነግልገሉ ውኃ ዳር ወርዶ ሲጠጣ። ጋውር የሚባለውን የህንድ ግዙፍ የዱር ከብት፣ ሳምባር አጋዘንን፣ የዱር አሳማንም ያያሉ። ኦተር የሚባሉት ዓሣ አዳኝ እንስሳት በቡድን ሲዋኙ ካገጠሙዎት ዕድለኛ ነዎት። ዛፍ ላይ ደግሞ ኒልጊሪ ላንጉር አለ፤ ጥቁር ፀጉር ያለው፣ የኛ የጉሬዛ ሩቅ ዘመድ። ወፍ ለሚወድ ግን ከሁሉም በላይ ትልቁ ሆርንቢል ነው። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

ከጀልባ ሌላ ምን አለ?

እውነቱን ለመናገር የቴካዲ ምርጡ ነገር ጀልባው አይደለም። በእግር የሚደረገው ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ የጫካ ጉዞ አለ፤ ማታ ከጠባቂዎች ጋር የሚደረግ ቅኝት አለ፤ ድንኳን ውስጥ አድሮ የሚደረግም አለ። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የቀርከሃ ታንኳውን እመርጣለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ጥቂት ሰው ሆነው በጫካ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በቀርከሃ ታንኳ ሞተር በሌለበት የሐይቁ ክፍል ይቀዝፋሉ፤ ምሳ ጫካ ውስጥ ይበላሉ። መሣሪያ የያዘ ጠባቂ አብሮ ይሄዳል። ቦታው ውስን ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

መሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ማወቅ ጉዞውን ሌላ ያደርገዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ይሄ ጫካ በአዳኞችና የዱር ቀረፋ ቅርፊት እየላጡ በሚሸጡ ሰዎች ተወርሮ ነበር። ጥበቃ ሲያስርና ሲያሳድድ ኖሮ አልሆነም። ኋላ የዓለም ባንክ በደገፈው ፕሮጀክት ሌላ ነገር ተሞከረ። ሰዎቹ ክሳቸው ተነሥቶላቸው ተደራጁ፤ የጫካ መሪና ጠባቂ ሆኑ። መንገዱን፣ መደበቂያውን፣ የአውሬውን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቁታላ! ገቢው ለነሱና ለጥበቃው ነው የሚውለው። ቫሳንታ ሴና የሚባል የሴቶች ቡድንም አለ፤ ከ2002 ጀምሮ ያለ ክፍያ እየተፈራረቁ ጫካውን ይጠብቃሉ።

ማናንና ፓሊያን የሚባሉት ነባር ሕዝቦችም መሪ ሆነው ይሠራሉ። በመንደራቸው ገብቶ ፎቶ ማንሣት ግን ያለ ፈቃድ አይደረግም። እንግዳ ካሜራ ደቅኖ ደጃፍዎ ቢቆም ምን እንደሚሰማዎት ያውቁታል።

አልቅት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

አለ። በዝናብ ጊዜ ብዙ፣ በበጋ ትንሽ። መሪዎቹ እስከ ጉልበት የሚደርስ ልዩ የጨርቅ ካልሲ ይሰጣሉ፤ ሱሪዎን ውስጡ ይክተቱት። ከነከሰዎት አይጎትቱት፤ ጨው ሲነካው ራሱ ይለቃል። በሽታ አያመጣም፤ ደሙ ግን ቶሎ አይቆምም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በክረምት የእግር ጉዞውን ቢተወው ይሻላል።

ልብስ ደብዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፤ ነጭና ቀይ አይለበስም። ሽቶ አይቀቡ።

ጾም ላይ ነኝ። ምን እበላለሁ?

ከህንድ ሁሉ ለጾመኛ የሚመች አገር ቢኖር ኬረላ ነው፤ ምክንያቱም የሚያበስሉት በኮኮናት ዘይትና በኮኮናት ወተት ነው። ጥንቃቄው ግን አለ። «ቬጂቴሪያን» የሚል ጽሑፍ ሥጋና እንቁላል የለም ማለት እንጂ ቅቤ፣ እርጎና ወተት የለም ማለት አይደለም። ሲያዝዙ «ኖ ጊ፣ ኖ ከርድ፣ ኖ ሚልክ» ይበሉ፤ ጊ የሚሉት የነጠረ ቅቤያቸውን ነው።

ቁርስ ላይ ፑቱ ይሞክሩ፤ የሩዝ ዱቄትና ኮኮናት በእንፋሎት የበሰለ ነው፤ ከጥቁር ሽምብራ ወጥ ጋር ይመጣል። በእንፋሎት የሚበስለው የሩዝ ቂጣ፣ ኢድሊም ጥሩ ነው። አፓም የሚባለው ከተቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር ሲሆን፣ መሃሉ ለስለስ ብሎ ዐይን ያወጣል፤ እንጀራ የናፈቀው ሰው በፍቅር ነው የሚያየው። ምሳ ላይ በሙዝ ቅጠል የሚቀርበው ሩዝ ከነአትክልቱ አብዛኛው የጾም ነው፤ ነጭ ነጩ መረቅ ምን እንደሆነ ብቻ ይጠይቁ፣ እርጎ ሊሆን ይችላል። ሻይ ካሉ በወተት ነው የሚመጣልዎት። «ካታን ቻያ» ይበሉ፣ ጥቁር ሻይ ይሰጡዎታል።

ቅዳሴ ለሚፈልጉ፣ ኬረላ የጥንት የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች አገር ነው። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኛዋ ተዋሕዶ ጋር እኅት ናት፤ በ1965 ንጉሡ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አባቶች ጉባኤ ተካፍላለች። መንበሯ ኮታያም ነው፤ ከኩሚሊ ሲመለሱ መንገድዎ ላይ ይሆናል። ከኢትዮጵያ ነኝ ሲሉ አንድ አዛውንት «አጎቴ እዚያ አስተማሪ ነበር» ቢልዎት አይግረምዎት። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ካስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ።

ቅመም ልግዛ? የቱን፣ ከየት?

ይግዙ እንጂ! የቆሙበት ተራራ ራሱ የሄል ተራሮች ነው የሚባለው። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው አረንጓዴው ሄል የትውልድ አገሩ እዚህ ነው። ከኮረሪማ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ተክሉ ግን ሌላ ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ፍሬውን የሚሰጠው ከላይ ቅጠሉ መሃል ሳይሆን ከሥሩ፣ መሬት ላይ በሚተኛ ቅርንጫፍ ነው። ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ነው የሚውሉት። የደረሰው ሁሉ በአንዴ ስለማይደርስ በየጥቂት ሳምንቱ ተመልሰው ይለቅማሉ። ዋጋው ለምን እንደሚወደድ ያኔ ይገባዎታል። ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድና ቀረፋም በአካባቢው አሉ።

የቅመም እርሻ ጉብኝት በየመንገዱ ነው። ትኬት ይቆርጣሉ፤ አንድ ሰው ቅጠል እየጨፈለቀ ያሸትትዎታል፤ መጨረሻ ላይ ሱቅ ውስጥ ይገባሉ። ጉብኝቱ ደስ ይላል፣ ሱቁ ግን ውድ ነው። ግዢውን ኩሚሊ ገበያ ውስጥ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቀው ያድርጉት። ሹፌር «የወንድሜ ሱቅ» ብሎ ከወሰደዎት ኮሚሽኑ ዋጋው ውስጥ አለ።

ሄል ሲመርጡ አፉ ያልተከፈተ፣ ቀለሙ አረንጓዴ የሆነና ሲጨብጡት ሞላ ያለ ይሁን። የሚደረደረው በፍሬው ውፍረት ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር የሚባለው ትልቁና ውዱ ነው። ለቤት ሻይ መካከለኛው ከበቂ በላይ ነው፤ ትልቁን ለስጦታ ይያዙት። ትንንሽ ሱቆች በስልክ መክፈያ ነው የለመዱት፤ የውጭ ካርድ አይሠራላቸውም፤ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

ታማሚ ይዤ ኮቺ ነኝ። ይዤው መሄድ እችላለሁ?

ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይሆንም። ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው አራት አምስት ሰዓት የተራራ ጥምዝምዝ ከባድ ነው፤ ጤነኛውም ያስመልሰዋል። ከኩሚሊ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መመለሱም ያንኑ ያህል ይፈጃል። ለአስታማሚው ግን ታማሚው ሲያገግምና ሌላ ሰው ሲተካው ሁለት ቀን ወጣ ብሎ መምጣት መድኃኒት ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሳምንታት የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ምን ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

ፓስፖርትና ቪዛ ያው የታወቀ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም መያዝ አለበት። ህንድ በዚህ አትቀልድም፤ ካርድ የሌለውን እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ልታስገባው ትችላለች። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመሄጃ ዋዜማ ላይ መወጋት አይጠቅምም። አንዴ የተወሰደ ለዕድሜ ልክ ይሠራል።

ሆቴሎች የውጭ እንግዳን ለመንግሥት ማሳወቅ ስላለባቸው የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ ይጠይቁዎታል። አንዳንድ ርካሽ ማረፊያ «የውጭ ሰው አንቀበልም» ቢልዎት ለክፋት ላይሆን ይችላል፤ ይሄ አሠራር ስለሌለው ነው። ሲይዙ አስቀድመው ይጠይቁ።

ግድቡን ራሱን ማየት ይቻላል?

ሙላፔሪያርን አይቻልም። ጥብቅ ደኑ ውስጥ ነው፣ በጥበቃ ሥር ነው፤ የቱሪስት ጀልባም እዚያ አይደርስም። «እኔ አሳይሃለሁ» የሚል ደላላ ካገኙ ይሸሹት።

ይልቅ የሚታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ውኃው የሚወጣበት ጎን ነው። ከኩሚሊ በታሚል ናዱ በኩል ቁልቁል ሲወርዱ ሎወር ካምፕ የሚባል ቦታ አለ። ከተራራው ላይ ግዙፍ ቱቦዎች ወደ ኃይል ማመንጫው ሲወርዱ ይታያሉ፤ የፔኒኩይክ መታሰቢያም እዚያ ነው። ከዚያ ትንሽ ወረድ ሲሉ የካምባም ሸለቆ ይከፈታል፤ የወይን እርሻ፣ ሩዝ፣ ኮኮናት። ያ ሁሉ አረንጓዴ በዚያ ውኃ የመጣ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሐይቁን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ታሪኩን ግማሽ ላይ ነው የሚያቋርጠው። ከኩሚሊ በባጃጅም በአውቶቡስም ቅርብ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሌላው ኢዱኪ ነው፤ በዚያው በፔሪያር ወንዝ ላይ፣ ከኩሚሊ ሁለት ሰዓት ያህል ወርዶ። በሁለት የአለት ተራሮች መካከል እንደ ቀስት ተለጥጦ የቆመ የኮንክሪት ግድብ ነው፤ ከፍታው 169 ሜትር ይጠጋል፤ ሥራ የጀመረው በ1976 ነው። ቦታውን መጀመሪያ ያሳየው ኮሉምባን የሚባል የአካባቢው ነባር ሕዝብ አለቃ እንደሆነ ይነገራል፤ ሐውልቱም በአቅራቢያው ቆሟል። ግድቡ ላይ መሄድ የሚፈቀደው ሁልጊዜ አይደለም። በኦናም በዓል፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ እንዲሁም በፈረንጅ ገና ጊዜ ይከፈታል። ስልክና ካሜራ በር ላይ ያስቀራሉ።

«ግድቡ ይፈርሳል» ይባላል። መሄድ ያስፈራል? ለመሆኑ የማን ነው?

የግድቡ ነገር ህንድ ውስጥ ካሉት የውኃ ክርክሮች ረጅሙ አንዱ ነው። ግድቡና ሐይቁ ያሉት በኬረላ መሬት ላይ ነው። የሚያስተዳድረውና ውኃውን የሚወስደው ግን ታሚል ናዱ ነው። መነሻው በ1886 ያኔ አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የትራቫንኮር ንጉሥ ከእንግሊዞች ጋር የፈረሙት የኪራይ ውል ነው፤ ዘመኑ 999 ዓመት! ኪራዩ ለአንድ ኤከር 5 ሩፒ ነበር፤ በ1970 ወደ 30 ከፍ ብሏል። የአባይን ክርክር ሲሰማ ላደገ ሰው ጭብጡ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚህ ሁለቱም ወገን አንድ አገር መሆናቸው ነው፤ ያም ሆኖ አልተስማሙም።

ኬረላ «በኖራ የተሠራ ግድብ አርጅቷል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ከሥሩ ያለው ሕዝብ ያልቃል፣ አዲስ ይሠራ» ትላለች። ታሚል ናዱ «አጠናክረነዋል፣ ጤነኛ ነው፣ ውኃው ይጨመር» ትላለች። በ1979 ለጥንቃቄ የውኃው ከፍታ በ136 ጫማ እንዲወሰን ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ በኮንክሪትና በብረት ገመድ ተጠናክሯል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ባለሙያዎች ያቀረቡትን ይዞ ግድቡ ደህና ነው አለ፤ እስከ 142 ጫማ እንዲሞላም ፈቀደ። ኬረላ ግን ዛሬም ልቧ አላረፈም፤ በተለይ ከ2018 ከባዱ ጎርፍ ወዲህ። ኩሚሊ ውስጥ የሁለቱም ወገን ሰው ስላለ፣ ሻይ ቤት ገብተው «ማን ነው ልክ?» ብለው ባይጠይቁ ይመረጣል። ከጠየቁም ለማዳመጥ ይዘጋጁ፤ በአጭሩ የሚመልስ የለም።

ለጎብኚ የሚያሠጋው ግድቡ ሳይሆን ዝናቡ ነው። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር የተራራው አፈር ይናዳል፣ መንገድም ይዘጋል። የአየር ትንበያው ለኢዱኪ አውራጃ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አስተዳደሩ ጀልባውንና የእግር ጉዞውን ያቆማል፤ ማታ በተራራ መንገድ መንዳትንም ይከለክላል። በክረምት የሚሄዱ ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት ያን ማስጠንቀቂያ ይዩ፤ ቀይ ከሆነ ኮቺ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይቆዩ፤ ጀልባዎቹ ሲጀምሩ ይውጡ።